ግንባር ላይ የቀረ ዘመዳችሁን ዱካ መፈለግ፦ ከቤት ሻንጣ እስከ መዝገብ ቤት

ብዙ ሰው ይህን ፍለጋ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ስም ብቻ ይዞ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማል። «አያቴ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ ነው የሞቱት» ይላል። መዝገብ ቤቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የትኛው ጦር ክፍል? ማዕረጋቸው? መቼ ገቡ? መልስ የለም። ሰውዬው ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ፍለጋውም በዚያው ይቀራል።

ይህ መመሪያ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት በመንግሥት ሠራዊት ውስጥ ሆኖ ለሞተ ወይም ለጠፋ ሰው የተዘጋጀ ነው። አካሄዱ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ መጀመሪያ የጦር ክፍሉንና ጊዜውን አግኙ፤ በስም መፈለግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተመሳሳይ ስም ያለው ወታደር በሺህ ይቆጠራል። በአንድ ሻምበል ውስጥ፣ በአንድ ወር፣ ከአንድ አውራጃ የመጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ አንድ ክላሰርና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያዙ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፉና ፊት ለፊታቸውን ክፍት ተዉት፦

- ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የቤት ስም፣ ቅጽል ስም
- የትውልድ ቦታ በዚያን ጊዜ አጠራር (ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ ወይም ገበሬ ማኅበር)
- ወታደር የሆነበት ዓመትና የገባበት መንገድ
- የሠለጠነበት ቦታ
- ማዕረግና የመለያ ቁጥር
- ጦር ክፍልና ግንባር
- ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ወይም የጻፈበት ጊዜ
- መርዶው የመጣበት ጊዜ
- መርዶውን ያመጣው ሰው

የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አትቀላቅሏቸው። ብዙ ቤተሰብ «የሞተው በ1984 ነው» ይላል። በ1984 የመጣው ግን መርዶው ነው። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ወደ አገራቸው የተመለሱ ጓዶች ከዓመታት በፊት የሞተውን ሰው ወሬ ይዘው ነው የገቡት። ሙት ዓመቱም ተዝካሩም የተቆጠረው ከመርዶው ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ግንባር ብትፈልጉ ምንም አታገኙም።

እያንዳንዱን መረጃ ስትጽፉ ከጎኑ ማን እንደነገራችሁ፣ መቼ እንደነገራችሁ፣ እሱ ራሱ ያየው ይሁን የሰማው አስፍሩ። ይህን የዘለለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው እውነት የትኛው ወሬ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

ማስጠንቀቂያ። ሚስቱ ወይም እናቱ በሕይወት ካሉ፣ ሳትነግሯቸው ፍለጋ አትጀምሩ። መርዶ ተረድቶ የማያውቅ፣ ዛሬም «ይመጣል» የሚባልበት ቤት አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ጥያቄው ራሱ መርዶ ይሆናል። መጀመሪያ ከታላላቆቹ ጋር ተመካከሩ፣ ፈቃዳቸውን አግኙ።

## 1. የቤቱን ወረቀት አንድ በአንድ እዩ

ሻንጣው፣ ሳጥኑ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ወይም የቁርኣኑ ውስጥ፣ የፎቶ አልበሙ። ሁሉንም። የምትፈልጉት፦

ፎቶ። ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ከተማ፣ ቀን ሊኖር ይችላል። አሥመራ ወይም ከረን የሚል ማኅተም ካገኛችሁ ሰውየው በዚያ ጊዜ የት እንደነበረ በእጃችሁ ገባ። ከአልበም ጋር የተጣበቀ ፎቶ በጉልበት አትላጡ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ አብሮ ይቀደዳል። ፊቱን ባለበት አንሱና ለመላጥ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ደብዳቤ። ከውስጡ በፊት ፖስታውን እዩ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ የክፍል ስም ወይም ቁጥር፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለ ቀን። ደብዳቤው ውስጥ «እነ እገሌ ሰላም ብለዋችኋል» የሚል ካለ እነዚያን ስሞች በሙሉ ጻፉ። የክፍሉ ጓዶች ናቸው። ምስክር የምታገኙት ከእነሱ ነው።

የደመወዝ ተቆራጭ ወይም የጡረታ ወረቀት። ቤተሰቡ ከወታደሩ ደመወዝ በየወሩ ይቀበል ከነበረ ደረሰኝ ወይም ደብተር ይኖራል። ከሞተ በኋላ ሚስትና ልጆች ጡረታ ተወስኖላቸው ከነበረም የጡረታ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ያገኘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የመርዶ ደብዳቤ። ካለ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ማኅተሙንና የፈረመውን ሰው ማዕረግ ገልብጡ። የላከው ክፍል ስም ማኅተሙ ላይ ነው። ማኅተሙ ከደበዘዘ ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብላችሁ ፎቶ አንሱ።

ወረቀቶቹን ላሚኔት አታስደርጉ። በስቴፕለርም አትምቱ። ፎቶ አንሷቸው፣ ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ዋናውን በንጹሕ ፖስታ መልሱት።

*ምንም ወረቀት ከሌለ፦* የወንድሞቹን፣ የእህቶቹንና የአክስቶቹን ቤት ጠይቁ። ወታደር ደብዳቤ የሚጽፈው ለሚስቱ ብቻ አይደለም። ማንበብ ለሚችል የአጎት ልጅም ይጽፋል።

## 2. ሽማግሌዎቹን በቅጡ ጠይቁ

አንድ ሰው ለብቻው ጠይቁ። ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው እሱን ይከተላል። መጨረሻ ላይ የአንድ ሰው ትዝታ የአምስት ሰው ምስክርነት መስሎ ይቀራል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው ዓመት ይረሳል፣ ክስተት ግን አይረሳም። እንዲህ ጠይቁ፦ «እማማ፣ ሲሄዱ ብሩ ተለውጦ ነበር?» የብር ለውጡ በ1969 ነው። «መሠረተ ትምህርት ተጀምሮ ነበር?» 1971። «ሕዝብ ሲቆጠር እዚህ ቤት ነበሩ?» ቆጠራው ግንቦት 1976 ነው። «ድርቁ ገብቶ ነበር?» 1977። «ኢሕዲሪ ሲታወጅ ደብዳቤ ይመጣ ነበር?» ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) የታወጀው መስከረም 1980 ነው። «የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜስ?» ግንቦት 8 ቀን 1981። በሁለት ክስተቶች መካከል ካስገባችሁት ጊዜው ተገኘ ማለት ነው። የልጆች ልደትም ይረዳል፦ «ጋሼ ሲዘምቱ ታናሽየዋ ትድህ ነበር ወይስ ትሄድ ነበር?»

ቦታን በተመለከተ ጥርጣሬ ይኑራችሁ። በብዙ ቤት «አሥመራ ሞተ» ማለት ኤርትራ ውስጥ ሞተ ማለት ነው። «ናቅፋ»ም እንደዚሁ ሰፊ ሆኗል። «ሰሜን ሄደ» ደግሞ ትግራይንም፣ ወሎንም፣ ጎንደርንም ይጨምራል። የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉ፣ ግን እንደ ተረጋገጠ አትያዙት።

ድምፅ ለመቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። ካለቀሱ ስልኩን አስቀምጡት፣ ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሂድ። ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ። አንድ ቀን ሙሉ ማስለቀስ ጭካኔ ነው። መረጃም አያመጣም።

## 3. የእድር መዝገብና የሰፈር ሰነድ

ይህ ደረጃ የሚዘለለው ስለማይታወቅ ነው። መርዶ ሲነገር እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይከፍላል። የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ይመዘገባል። የእድሩን ጸሐፊ ወይም ዳኛ አግኙና የድሮው መዝገብ የት እንዳለ ጠይቁ። በብዙ ቦታ በቀድሞ ጸሐፊ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው። የሚፈለገው መስመር አጭር ነው፦ ቀን፣ የአባሉ ስም፣ «ለልጃቸው ለወታደር እገሌ መርዶ» እና የተከፈለው ብር። የመርዶውን ቀን እርግጠኛ ሆኖ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። የነፍስ አባቱ ወይም አስተዳዳሪው የፍትሐትና የተዝካር ማስታወሻ ሊኖራቸው ይችላል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ በመስጂዱ ዙሪያ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ስለ ሰደቃው ጠይቁ።

ከዚያ ቀበሌ። በብሔራዊ ውትድርና የገባ ሰው የተመለመለው በቀበሌ ወይም በገበሬ ማኅበር በኩል ነው። የምልመላ ዝርዝርና የቤተሰብ መረጃ ተርፎ ከሆነ ዛሬ ያለው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ «ከፍተኛ 12 ቀበሌ 05» ብላችሁ ብትጠይቁ ወጣቱ ሠራተኛ ላያውቀው ይችላል። የድሮው ቀበሌ ዛሬ በየትኛው ክፍለ ከተማ፣ በየትኛው ወረዳ እንደገባ አስቀድማችሁ አጣሩ። የድሮውን የቤት ቁጥርም ያዙ። ገጠር ከሆነ የድሮውን አውራጃ ከዛሬው ዞን ጋር አገናኙ። ናዝሬት አዳማ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ተብለው እንደሚጻፉ አትርሱ።

*«መዝገቡ ተቃጥሏል፣ ጠፍቷል» ካሏችሁ፦* በዚያን ጊዜ የቀበሌው ወይም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርና ጸሐፊ እነማን እንደነበሩ ጠይቁ። አብረው በአንድ መኪና የተጫኑ ልጆች ስም በእነሱ ጭንቅላት ውስጥ ይገኛል።

## 4. ስሙን በሁሉም መልኩ ጻፉ

ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው። ኃይሉ በሐ፣ በኀ ወይም በሀ ሊጻፍ ይችላል። ሥዩም በሠና በሰ፣ ፀጋዬ በፀና በጸ፣ ዓለሙ በዐና በአ። አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ስም ደግሞ የበለጠ ተዛብቶ ይገኛል። የኦሮምኛ፣ የወላይትኛ ወይም የጉራግኛ ስም በአማርኛ ጸሐፊ እጅ ሲጻፍ ፊደል ይጎድላል፣ ይጨመራል። የአባት ስም በአያት ስም የተተካበትም አለ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በአፈሳ የተያዙ አንዳንድ ልጆች ቤተሰባቸው እንዳይነካ ወይም ለማምለጥ እንዲመቻቸው የውሸት ስም ሰጥተዋል። ዕድሜውን ከፍ አድርጎ የተመዘገበም አለ። ጓደኞቹ በምን ስም ይጠሩት እንደነበር ካላወቃችሁ መዝገብ ውስጥ በዓይናችሁ ሥር ያልፋል።

## 5. ጦር ክፍሉን ለዩ

መጀመሪያ በምን መንገድ እንደገባ ወስኑ፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ያለበት ቦታ በዚህ ይለያያል።

መደበኛ ወታደር። ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ያገለገለ። የቅጥርና የጡረታ ፋይል የማግኘት ዕድላችሁ ከሁሉም የተሻለው እዚህ ነው። መኮንን ከሆነ ሐረር አካዳሚ ወይም ሆለታ ገነት መማሩን አጣሩ። የኮርስ ጓደኞች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ሚሊሽያ። በ1969 በታጠቅ ጦር ሰፈር ከሠለጠነው ሕዝባዊ ሠራዊት ጋር የዘመተ ገበሬ። መጀመሪያ ወደ ኦጋዴን፣ ኋላ ወደ ኤርትራ የተጓዘ ብዙ ነው። የግል ፋይል ላይኖረው ይችላል። ዋናው መንገዳችሁ ከአንድ ገበሬ ማኅበር አብረውት የሄዱ ሰዎች ናቸው።

ብሔራዊ ውትድርና። በ1975 በወጣው አዋጅ መሠረት ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች የተጠሩበት። ዙሩን ጠይቁ፦ አንደኛ ዙር ነው? ሁለተኛ? ማሠልጠኛውንም ጠይቁ፦ ታጠቅ፣ ብር ሸለቆ፣ ጦላይ፣ ሁርሶ፣ ዴዴሳ፣ ብላቴ። ዙሩና ማሠልጠኛው ከታወቀ ወደየት ግንባር እንደተመደቡ የሚያስታውስ ሰው ይገኛል።

ቀጥሎ ደረጃውን አስተካክሉ። ከታች ወደ ላይ ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር፣ ከዚያ ኮር ወይም እዝ፣ ከዚያ አብዮታዊ ሠራዊት። ሦስት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አንደኛ፣ ሻምበልና ሻለቃ የማዕረግም የክፍልም ስሞች ናቸው። «ሻለቃ 3» የሚል ወረቀት ያገኘ ሰው አያቱ ሻለቃ የነበሩ ይመስለዋል። የተጻፈው ግን ያሉበት ክፍል ነው። ከስሙ በፊት ከመጣ ማዕረግ፣ ቁጥር ከተከተለው ክፍል ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጦርና ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አሥመራ የነበረ ክፍለ ጦር ነው። ሁለተኛው ኤርትራ ውስጥ ብዙ ክፍለ ጦሮችን በሥሩ የያዘ ትልቅ ዕዝ ነው። «ሁለተኛ ነበር» ካሏችሁ የትኛው እንደሆነ መልሳችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ወታደር ከክፍል ክፍል ይዛወራል። ክፍሎችም ይዋሐዳሉ፣ ስማቸው ይለወጣል። የ1976ቱ ፎቶ ላይ ያለው ክፍል በ1980 የሞተበት ክፍል ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ።

*ክፍሉን ማንም ካላወቀ፦* አዛዡን ጠይቁ። የክፍሉን ቁጥር የረሳ ቤተሰብ «የእነ ጄኔራል እገሌ ጦር» የሚለውን ያስታውሳል። ከአዛዡ ወደ ክፍሉ መውረድ ይቻላል፤ የከፍተኛ መኮንኖች ምደባ በጡረተኛ መኮንኖች ትዝታ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት ተጽፏል።

## 6. ክፍሉን ከጊዜና ከግንባር ጋር አጋጥሙ

አሁን ሁለት ነገር አላችሁ፦ መጨረሻ የታየበት ጊዜና ክፍሉ። ከዚያ ጊዜ በኋላ፣ ክፍሉ በነበረበት ግንባር የትኛው ትልቅ ውጊያ እንደሚወድቅ እዩ። ለመነሻ የሚሆኑ ጥቂቶቹ፦

- ከሰኔ 1970 እስከ ኅዳር 1971፦ ሠራዊቱ የኤርትራን ከተሞች መልሶ የያዘበት ዘመቻ
- 1974፦ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ናቅፋ ዙሪያ
- ክረምት 1977፦ ባሬንቱ
- መጋቢት 1980፦ አፍአበት፣ ናደው እዝ የተደመሰሰበት
- የካቲት 1981፦ ሽሬ እንዳሥላሴ፣ 604ኛ ኮር
- የካቲት 1982፦ ምጽዋ
- 1982 እና 1983፦ ወሎ፣ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወለጋ፣ ደቀመሐሬ
- ግንቦት 16 ቀን 1983፦ አሥመራ፤ ግንቦት 20፦ አዲስ አበባ

አንድ ምሳሌ። ቤተሰቡ «አሥመራ፣ በ1983 ሞተ» ይላል። የመጨረሻው ደብዳቤ የካቲት 1980 የተጻፈ ነው። ክፍሉ በናደው እዝ ሥር የነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የለም። መርዶው 1983 ክረምት ላይ፣ ተመላሽ ጓደኛ ይዞት መጣ። እዚህ ላይ አሥመራ ላይ ጊዜ አታጥፉ። የአፍአበትን መጋቢት ፈልጉ።

የዘመን አቆጣጠርን ተጠንቀቁ። በኤርትራውያንና በውጭ ሰዎች የተጻፈው ሁሉ በፈረንጅ ነው። የፈረንጁ ቀን ከጥር መጀመሪያቸው እስከ መስከረም 10 (በነሱ) ከሆነ ስምንት ቀንሱ፣ ከመስከረም 11 እስከ ታኅሣሥ 31 ከሆነ ሰባት። ይህን የሳተ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ውጊያ ውስጥ ይፈልጋል። ኤርትራውያን ይህን ጦርነት የነፃነት ጦርነት ነው የሚሉት፤ ስትፈልጉም በዚያ ስም ፈልጉ።

ጋዜጦችን ለማየት አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሉ። ግን የዘመኑ ጋዜጣ ሽንፈትንና የወታደር ሞትን ዘርዝሮ አይጽፍም ነበር። ከዚያ የሟች ስም አትጠብቁ። ሹመት፣ ሽልማት፣ የክፍል ምረቃ ልታገኙ ትችላላችሁ።

## 7. አሁን ወደ መሥሪያ ቤት

መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና፣ በተለይ የጡረታ ቁጥር ካላችሁ። የወራሾች ጡረታ የተወሰነበት ፋይል ውስጥ የቅጥር ዘመን፣ ማዕረግ፣ ደመወዝና የሞት ማስረጃ ይኖራል። ቀጥሎ መከላከያ ሚኒስቴር። ሁለቱም ጋ በቃል አትጠይቁ። በጽሑፍ አስገቡ። እንዲህ ይሆናል፦

> ጉዳዩ፦ የአባቴን የውትድርና አገልግሎት ማስረጃ ስለመጠየቅ
>
> አባቴ ወታደር (ሙሉ ስም እስከ አያት) በ1976 ዓ.ም. ከ(አውራጃና ወረዳ) በብሔራዊ ውትድርና ገብተው፣ በ(ማሠልጠኛ) ሠልጥነው፣ በ(ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ) ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ከመጋቢት 1980 ዓ.ም. ጀምሮ ድምፃቸው ጠፍቷል። ስማቸው (ሌላው አጻጻፍ) ተብሎም ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ የቅጥር፣ የምደባ፣ የሞት ወይም የመጥፋት ማስረጃ ተፈልጎ እንዲሰጠኝ፣ ካልተገኘም አለመገኘቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመጨረሻዋን ሐረግ አትተዉ። «አልተገኘም» የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ በኋላ ፍርድ ቤት ይጠቅማችኋል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። መታወቂያችሁን፣ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ሰነድና የደብዳቤዎቹን ፎቶ ኮፒ ያዙ። ዋናውን አሳዩ እንጂ አትስጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ላኩ፤ ውክልናው «ማስረጃ መጠየቅና መቀበል» የሚል ግልጽ ቃል ይኑረው።

*«ፋይል የለም» ከተባላችሁ፦* ተስፋ አትቁረጡ፣ አትጣሉም። ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ የክፍል ወረቀት ግንባር ላይ ቀርቷል። በሌላኛው የስም አጻጻፍ ድጋሚ አመልክቱ።

ወደ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር የሚሄድ ሰውም አይጠፋም። የእነሱ ሥራ የጣልያን ወረራ ዘመን አርበኞች ላይ ነው። ለደርግ ዘመን ወታደር አትድከሙ።

ሰውየው በ1983 በሕይወት ተርፎ ነበር የሚል ጥርጣሬ ካለ ሌላ መስመር አለ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ400 ሺህ በላይ ተመላሽ ወታደር መዝግቧል። ኮሚሽኑ ዛሬ የለም። ዘመዳችሁ የኮሚሽኑ መታወቂያ ወይም የራሽን ካርድ እንደነበረው የሚያስታውስ ሰው ካለ ግን ግንባር ላይ አልሞተም ማለት ነው፤ ፍለጋችሁን ከሠራዊቱ መበተን በኋላ ወዳለው ጊዜ አዙሩ።

## 8. ቀይ መስቀል

ተማርኮ ነበር የሚል ወሬ ካለ፣ ወይም ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር ከተባለ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ከጄኔቫው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር አብሮ ይሠራል። አሜሪካ ያላችሁ በአሜሪካ ቀይ መስቀል፣ እስራኤል ያላችሁ በማጌን ዴቪድ አዶም፣ አውሮፓ ያላችሁ ባላችሁበት አገር ቀይ መስቀል፣ ገልፍ ያላችሁ በቀይ ጨረቃ በኩል መጀመር ትችላላችሁ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ የቀይ መስቀል ሰው አይደለም።

ቅጹ ላይ የተያዘበትን ቦታና ወር መጻፍ ነው ለውጥ የሚያመጣው። ለዚህ ነው ይህን ደረጃ ከስድስተኛው በኋላ ያመጣሁት።

## 9. የክፍሉን ጓዶች አግኙ

ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚገኘው እዚህ ነው፤ በጣም የሚያስቸኩለውም ይህ ነው። በ1976 ሃያ ዓመቱ የነበረ ወታደር ዛሬ ስድሳን አልፏል። ወረቀት ይጠብቃችኋል፣ ሰው ግን አይጠብቅም። መሥሪያ ቤቱ መልስ እስኪሰጥ ይህን ጎን ለጎን ሥሩ።

የቀድሞ ሠራዊት አባላት በፌስቡክና በቴሌግራም የሚገናኙባቸው ቡድኖች አሉ። ስትጽፉ አጭር አድርጉ፦ «በ… ክፍለ ጦር፣ … ብርጌድ ከ1977 እስከ 1980 የነበራችሁ፣ ከ… አውራጃ የመጣ፣ … ተብሎ የሚጠራ ወታደር የምታውቁ?» ፎቶውን አያይዙ። የእናታችሁን ስልክ አታስቀምጡ። የራሳችሁን ብቻ፣ እሱንም በውስጥ መስመር።

አንድ ነገር ደብቁ። የፊቱ ጠባሳ፣ የሚጫወተው መሣሪያ፣ ግራኝ መሆኑ፤ አንዱን ለራሳችሁ ያዙ። «አውቀዋለሁ» ያለውን ሰው በዚያ ታጣራላችሁ። ንግግሩ እንዲህ ይሂድ፦

«ጋሼ፣ ስለደወሉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የት ነበር የተዋወቃችሁት?»
«አልጌና። አንድ መቶ ውስጥ ነበርን።»
«የመቶ አዛዣችሁ ማን ነበሩ?»
«መቶ አለቃ … ነበሩ፤ እሳቸውም እዚያው ቀሩ።»
«አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። እናንተ ፍንጭ አትስጡ። «ክራር ይመታ ነበር አይደል?» ካላችሁት አዎ ይላችኋል። ራሱ ካነሣው ግን ሰውየው አውቆታል።

ማስጠንቀቂያ። የትራንስፖርት፣ የካርድ ወይም «የአፅሙን ቦታ ለማሳየት» ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተዉት። እውነተኛ ጓድ የሟች ልጅ ድምፅ ሲሰማ ገንዘብ አይታየውም። በሌላ በኩል አንድ ሽማግሌ ሰዓት ወስደው ሲያወጓችሁ እናንተም ጠይቋቸው፣ ደግማችሁ ደውሉላቸው። ይህን ታሪክ ለማንም ሳይናገሩ የኖሩ ብዙ ናቸው።

*ዘመዳችሁ በሌላው ወገን ከነበረ፦* የሕወሓት፣ የሻዕቢያ ወይም የኢሕአፓ ታጋይ ሜዳ ላይ የሚጠራው በትግል ስሙ ነው። ያንን ስም ሳታውቁ አትውጡ። የሚጠየቀውም በየድርጅቱ ነባር ታጋዮች ዘንድ ነው።

## 10. ያገኛችሁትን መዝኑ

ሰነድ ላይ ያለውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡ። «ተሰዋ» ወይም «ሞተ» ማለት አንድ ሰው ሞቱን ሪፖርት አድርጓል። «ጠፋ» ማለት ግን ከውጊያ በኋላ ስም ሲጠራ አልተገኘም፤ ሞቶም፣ ተማርኮም፣ ሸሽቶም ሊሆን ይችላል። «ኮበለለ» ወይም «ከዳ» የሚለውን ስታዩ አትደንግጡ። ክፍሉ ተበታትኖ የሞተ ወታደርም እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

እርግጠኛ ነኝ ለማለት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች ይኑሯችሁ። አንድ ጓድና አንድ ሰነድ፣ ወይም ሁለት ለየብቻ የተጠየቁ ጓዶች። ሁለቱ ከተጋጩ በቦታው የነበረውን ከሰማው አስበልጡ። አሁንም ካልለየ ሁለቱንም ጻፉና ክፍት ተዉት።

ያልጠበቃችሁት ነገር ሊመጣ ይችላል። በሕመም የሞተ፣ በራሱ ወገን የተረሸነ፣ ሌላ ቦታ ልጅ የወለደ። ይህን ለቤተሰብ ከመንገራችሁ በፊት ማን መጀመሪያ መስማት እንዳለበት፣ ማን ጎኑ መኖር እንዳለበት አስቡ። በስልክ፣ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት።

## 11. ሕጋዊው ነገር

የወራሽነት፣ የቤት ወይም የጋብቻ ጉዳይ ካለ ፍለጋው ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም። ሞቱን የሚያሳይ ሰነድና ምስክር ካላችሁ የወራሽነት ማስረጃ በዚያ ይጠየቃል። ሞቱ ካልተረጋገጠስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ መጠየቅ ይችላል። ያስመታችሁት የገቢ ቁጥር፣ «አልተገኘም» የሚለው ደብዳቤ፣ የእድሩ መዝገብ ቅጂና የጓዶቹ ምስክርነት ሁሉ እዚህ ይሠራሉ። ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት ፋይሉን በቀን ቅደም ተከተል አስተካክሉ፤ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋችኋል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ ተመዝግቦ አታገኙትም፤ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ምዝገባ ሲጠየቅ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊጠይቅ ስለሚችል ፍርድ ቤቱን አስቀድሙ።

ፋይሉ ሲጠናቀቅ ሦስት ቅጂ አድርጉ። አንዱ ከታላቁ ልጅ ዘንድ፣ አንዱ ከእናንተ፣ አንዱ ደግሞ በስካን ውጭ ባለ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገና ያልተመለሰውን ጥያቄና ቀጥሎ መጠየቅ ያለበትን ሰው ጻፉበት፤ ከእናንተ ቀጥሎ ደብተሩን የሚከፍተው ሰው ከዚያ ይቀጥላል።